አፌ በግዝት፣ እጄ በአሲድ

ሰኞ፣ ጥር 6

አፌ ታሰረ። በገመድ ቢሆን በጥርሴ እፈታው ነበር። በግዝት ነው።

አባ ስመኘው፣ የደብራችን ቄሰ ገበዝ፣ ዛሬ ከኪዳን መልስ በሰው ሁሉ ፊት መስቀላቸውን አንስተው «እስከ ጥምቀት ድረስ ውሸትም ቀልድም ከአፍህ እንዳይወጣ ገዝቼሃለሁ» አሉኝ። ቀልዱን እንኳ ይተዉልኝ ብዬ ለመንኩ። «አንተ ዘንድ ሁለቱ ምን ልዩነት አላቸው?» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ እዚህ እጽፋለሁ። አባ ያሉት «ከአፍህ» ነው፣ «ከእጅህ» አላሉም። የዘጠነኛ ክፍል የሂሳብ ደብተሬ ግማሹ ባዶ ነው። እኔ ክፍሉን ትቼ ስወጣ እሱም ባዶውን ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ድምፄን አጎርንኜ ለአባ ደወልኩና «ብፁዕ አባታችን እሑድ በእናንተ በኩል ያልፋሉ፣ ተዘጋጁ» አልኳቸው። ከዚያ ረሳሁት። እነሱ አልረሱም። ትናንት ደብሩ ሙሉ ጥላ ዘርግቶ፣ ከበሮ አንግቶ፣ መንገዱን ጠርጎ ቆመ። መንገድ ከተዘጋ ስንት ጊዜው፣ አውቶቡስ እንኳ ከተማችንን አርብ ገበያን ካየ ሰነበተ፣ ጳጳስ በምን ይመጣል ብሎ የጠየቀ የለም። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ላብ ወረደ። በመጨረሻ አንዲት ፍየል በተጠረገው መንገድ መሀል እየተጎማለለች መጣች። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣኋት። በዚህ ተያዝኩ።

ቅጣቱ ግዝቱ ብቻ አይደለም። ባሕረ ጥምቀቱን እስከ ከተራ አጥበህ ታስረክባለህ ተብያለሁ። ገንዳው ከአዲስ አበባ ያሉ የአገራችን ልጆች ያሠሩት ነው፤ ሴራሚክ የለበሰ፣ ከሰው ቁመት የሚጠልቅ፣ መግቢያ መውጫው በመሰላል። ዓመቱን ሙሉ የምንጭ ውሃ ስለሚቆምበት ግድግዳው ነጭ ቅርፊት አብቅሏል፣ ታቹ አረንጓዴ ዝልግልግ ነው። ዓርብ ታቦት ይወርዳል። ቅዳሜ ጠዋት ውሃው ይባረካል፣ ሰው ይረጫል፣ ይጠጣል፣ በየሃይላንዱ እየሞላ ለታመመ ይወስዳል።

አብሮኝ የሚያጥበው የሰንበት ትምህርት ቤቱ ታደለ ነው። ቁም ነገረኛ ነው። ከልጅነታችን ጀምሬ ቀልጄበታለሁ፣ ሲያየኝ ኪሱን ይዳብሳል። ሥራው እስኪያልቅ ወደ ገበያ መውረድ የለም። ወደ ባሕር ዳር፣ እህቴ ጋ፣ ልጥፋ ብል መንገድ የለም። ወጥመድ ውስጥ የገባች አይጥ እንኳ መጮህ ትችላለች።

ማክሰኞ፣ ጥር 7

ገንዳውን አፈሰስነው። ውሃው ሲያልቅ ታች የቀሩት እንቁራሪቶች መሄጃ አጥተው እርስ በርስ ተያዩ። አሳዘኑኝ። ለቅሜ በባልዲ አስቀመጥኳቸው። ትልቁን፣ ዓይኑ የፈጠጠውን፣ ታደለ ብዬዋለሁ። በሆዴ ነው ያልኩት፣ ግዝቱን አልነካም።

ከዚያ ፍግፊያ። በመጥረጊያ፣ በአሸዋ፣ በሽቦ። ቅርፊቱ ወይ ፍንክች።

ታደለ (ሰውየው) ኮሚቴው ያስገዛውን ጀሪካን አመጣ። ሴራሚክ ያጸዳል የሚባለው ጠንካራው አሲድ ነው። ላዩ ላይ ጠብታ የወደቀበት እጅ ተስሏል፣ እጁ ተቦርቡሯል። «ምን ማለት ይሆን?» አልኩ። «እጅህን ታጠብበት ማለት ነው» አለ ታደለ። ሲቀልድ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም፤ እኔ ስገዘት ነው የጀመረው።

ገንዳው ውስጥ ከፈተና እንዳለ ግድግዳው ላይ ደፋው።

ጢስ። ጢስ ወደ ላይ ይወጣል ብዬ ነበር የማውቀው። ይሄኛው እግራችን ሥር ተኛ፣ ከዚያ እንደ ውሃ እየሞላ መጣ። ታደለ ገና ጀሪካኑን እንዳስቀመጠ በመሰላሉ ወጣ። እኔ ጀሪካኑን ልከድን ብዬ ዘገየሁ። ጉሮሮዬ ውስጥ በርበሬ የነፉበት መሰለኝ።

«ታደለ፣ ታፈንኩ» አልኩ።

«አውቄሃለሁ» አለ ከላይ። መሰላሉን ወደ ላይ ሳበው። ለስንቱ ዓመት ብድር እንደሆነ እሱ ያውቃል።

«ልሞት ነው፣ እውነቴን ነው።»

«ነፍስ ይማር። ተዝካርህን እበላለሁ።»

ግድግዳው ለስላሳ ነው፣ ጥፍር አይዝም። ሰማዩን አየሁት፣ አራት ማዕዘን ነበር። በአፌ ላይ ነጠላዬን ጠቅልዬ ጥግ ላይ ስዘል ስወድቅ አስመለሰኝ። ያን ሲያይ ነው መሰላሉን የለቀቀው። ስወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ይቅርታ አላለም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አላምነውም ነበር። ይሄ ነው የከነከነኝ።

ሳይመሽ ባሕር ዛፎቹ ጋ ወጥቼ፣ ኔትወርክ እዚያ ብቻ ነው የሚገኘው፣ ለእህቴ ለየሻረግ ደወልኩ። ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ታጥባለች።

«ደግሞ ምን ልትለኝ ነው?» አለች።

«ግዝት ላይ ነኝ።»

ሳቀች። እስክትጨርስ ጠበቅኩ። ስለ ጢሱ ስነግራት ሳቋ ተቆረጠ። «ማንዴ፣ ስማኝ፣ ጻፍ» አለች። ክንዴ ላይ ጻፍኩ፣ አሁን እገለብጠዋለሁ፦

ውሃ መጀመሪያ፣ አሲድ ኋላ። አሲድ ላይ ውሃ ከደፋህ ተንጣጥቶ ፊትህ ላይ ይመጣል። («ገንፎ ሲገነፋ ዱቄቱ ነው ወደ ውሃው የሚገባው» አልኳት። «በቃ እንዲያ ያዘው» አለች።)

አንድ ጣሳ ለአሥር ጣሳ ውሃ። በላስቲክ ባልዲ፣ በብረት አይሆንም።

የሚበጠበጠው ላይ ነው፣ ነፋሱን ጀርባ ሰጥቶ። ጉድጓድ ውስጥ አይከፈትም።

የላስቲክ ጓንት፣ ቡት፣ መነጽር፣ ረጅም እጅጌ።

አንድ ሰው ሁልጊዜ ላይ ይቆማል። መሰላል አይነሣም። (ይሄን የጨመርኩት እኔ ነኝ።)

ግድግዳውን አርጥቦ፣ ቀብቶ፣ ፈግፍጎ፣ ቶሎ በብዙ ውሃ። ትንሽ በትንሽ።

በረኪና አጠገቡ አይደርስም። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጢስ ይገድላል።

እጣቢው ወደ ወንዝ አይለቀቅም። ሶዳ፣ ኖራ፣ ካጣህ አመድ፣ መፍላቱን እስኪተው።

ሰው ከነካ ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ።

«በመጠጥ ዕቃ እንዳታስቀምጠው፣ በምንም ተአምር። እዚህ አንዷ ልጅ …» አለችና ኔትወርኩ ሄደ። አንዷ ልጅ ምን እንደሆነች አላወቅኩም።

ረቡዕ፣ ጥር 8

ጓንትና ቡት ፀረ አረም ከሚረጭ ጎረቤታችን። መነጽር ከብየዳ ቤት። የእህል ሸራ ቀደን እንደ ካባ ለበስን። ከገንዳው ብቅ ስንል ውሃ ልትቀዳ የመጣች ልጅ እንስራዋን ጥላ ሮጠች። ምንም አልተናገርኩም። ዝም ብዬ እጄን አወዛወዝኩ። ሰላምታ ቀልድ አይደለም።

አባ መጥተው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አሲዱ እንዳይነካን ነው አባ።»

«እውነት?»

«ግዝት ላይ ነኝ እኮ።»

«ኧኸ» ብለው ሄዱ። ሁለት ጊዜ ዞረው አዩኝ።

እጣቢው በቦዩ ወርዶ ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ ስለሚገባ ቦዩን ዘግተን ጉድጓድ ቆፈርን። ከዚያ አመድ ልመና። ሰው ቤት ደጅ ቆሜ «አመድ ካለዎት» ስል የሰማሁት እርግማን! «አመድ ያርግህ» ያሉኝ አሉ። «የትኛው ጳጳስ ሊቀባው ነው?» ያሉኝ አሉ። እጄ አመድ አፋሽ ነው ሲሉ የሰማሁት ተረት ነበር፣ ዛሬ ሥራዬ ሆነ።

ምን ልታደርግበት ነው ሳይሉ የሰጡኝ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ብቻ ናቸው። ከባሕረ ጥምቀቱ ሜዳ ጥግ ያለችው ጎጆ የሳቸው ናት። እኔ ደግሞ በሳቸው ላይ ያላደረግኩት የለም። አንዴ የጠበል ሃይላንዳቸውን ለስላሳ ሞላሁት። ቀምሰው «ምንጫችን ጣፈጠ» ብለው ለደብሩ አወሩ፣ ሰው እንስራ ይዞ ተሰለፈ። ሲያውቁ አልተቆጡም፣ «ከየት ገዛኸው?» ብቻ ነው ያሉኝ። በውርርድ ኮሶ የጠጣሁ ቀንም ጀርባዬን ሲመቱልኝ የዋሉት እሳቸው ናቸው። «ይሄ ልጅ ለሳቅ ብሎ መርዝ ይጠጣል» ይሉኛል።

ሥራው ሰመረ። ታደለ ላይ ቆሞ ውሃ ያቀብላል፣ እኔ ታች እቀባለሁ፣ ከዚያ እንቀያየራለን። አሲዱ ቅርፊቱን ሲነካው ሽሽሽ ብሎ አረፋ ይደፍቃል፣ እንደ ጠጅ ይንፈቀፈቃል፣ ስንፈገፍገው ይላጣል። ሥሩ ሰማያዊ ነው! ገንዳው ሰማያዊ መሆኑን ሁላችንም ረስተነው ነበር።

ደስ ብሎን ሳያልቅ ተጣላን። ታደለ ለአረንጓዴው ዝልግልግ በረኪና ይዞ መጣ።

«አይገናኙም፣ ይገድላል» አልኩት።

«ደግሞ ጀመረህ። ቤታችን በበረኪና ነው የሚታጠበው፣ ማን ሞተ?»

የሻረግ ነች ያለችው አልኩ። የሻረግ ያንተ እህት አይደለች ወይ አለ። የበረኪናው ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩበትና አልነሣም አልኩ። ሲገፋኝ አቀፍኩት። ሲደክመው ተወኝ። እሱ ቀሪውን ሲፈገፍግ በረኪናዬ ላይ ተቀምጬ ውሃ ሳቀብል ዋልኩ፣ እንደ ዶሮ።

እውነት መናገር እንዲህ ቂጥ የሚያሳምም ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 9

በሥርዓቱ ልጻፈው።

ጠዋት አንዲት ጥግ ቀረችን፣ ውሃ መግቢያው ቱቦ ሥር። ብሩሽ አይገባባትም። ባዶ ሃይላንድ አነሣሁ፣ ክዳኑን በምስማር በሳሁት፣ አሲዱን ሳልበጠብጥ ሞላሁበት። እየጨመቅኩ ልረጨው ነበር። የሻረግ ያለችኝ ጠፍቶኝ አይደለም። ለአፍታ ነው ብዬ ነው።

ጥቂት እንደረጨሁ አባ ጠሩኝ፣ የድንኳን ምሰሶ አንሣ ብለው። ታደለ አመድ ሊያመጣ ሄዷል። ሃይላንዱን ገንዳው አፍ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ።

ስመለስ የለም።

መጀመሪያ ታደለን ጠረጠርኩ። «እኔ አላየሁም» አለ፣ እውነቱን ነው። ገንዳ ውስጥ፣ ቦዩ ውስጥ፣ ሣሩ ውስጥ ፈለግኩ። ያኔ ገባኝ። ጥምቀት ደርሷል፣ ቦታው ባሕረ ጥምቀት ነው፣ ዕቃው ሃይላንድ ነው፣ ውስጡ ያለው ጥርት ያለ። ያየው ሰው ሁሉ ጠበል ነው የሚለው። ጠበል ደግሞ ለምን ይወሰዳል? ለታመመ ሊጠጣ። ለሕፃን ሊጠጣ።

ለታደለ ነገርኩት። «ጳጳሱ ጠምቷቸው ይሆናል» ብሎ አመዱን በተነ።

አባን ፈለግኩ፣ መቅደስ ገብተዋል፣ አይጠሩም። ሜዳው ላይ ለነገው ሞንታርቦ ተተክሏል። ማይኩን ቀማሁ። «ከገንዳው አፍ ላይ ሃይላንድ የወሰደ ሰው እንዳይጠጣ፣ ጠበል አይደለም፣ አሲድ ነው፣ አንጀት ይበጥሳል» አልኩ። ድምፄ እስከ ገበያው ተሰማ።

ሜዳው ሙሉ ሳቀ። ድንኳን የሚተክሉት ምሰሶውን ለቀው ሳቁ። አንዱ ጎረምሳ ከኪሱ ውሃ አውጥቶ ጎንጨት አደረገና ጉሮሮውን ይዞ መሬት ላይ ተንፈራፈረ። አጨበጨቡለት። እኔም ሌላ ጊዜ ቢሆን አጨበጭብለት ነበር፣ ጥሩ አድርጎ ነው የሞተው። «ማንዴ፣ ግዝቱን በላሃት!» አለ ሌላው። «ግዝት ላይ ስለሆንኩ ነው እውነት የምናገረው» ስል ጭራሽ ባሰባቸው።

ማይኩን ነጠቁኝ።

እየዞርኩ ቤት ለቤት ጠየቅኩ። በር ሳይከፍቱ ሳቁብኝ። አንዲት እናት ሃይላንዷን አውጥታ ፊቴ ጠጣች፣ ልነጥቃት ተንደረደርኩ፣ ውሃ ነበር።

ሠላሳ ጊዜ ውሸት ተናግሬ ሠላሳ ጊዜ ታመንኩ። ዛሬ አንድ እውነት ይዤ ሰው አጣሁ። ገንዳ ውስጥ እንደነበርኩበት ቀን ነው፣ ግድግዳው ለስላሳ፣ መሰላሉ ላይ። ልዩነቱ አሁን ታች ያለው ሌላ ሰው ነው፣ ማን እንደሆነም አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥር 10፣ ከተራ

አልተኛሁም። ገና ሲነጋጋ ገንዳው ጋ ነበርኩ።

ውሃው ሌሊቱን ገብቶ ሞልቷል። ትናንት ሦስት ጊዜ አጥበን አፍስሰነዋል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው እጣቢም አመዱን ጠጥቶ መፍላቱን ትቷል። ቢሆንም አላመንኩም። ከገንዳው ውሃ በጣሳ ቀድቼ እንቁራሪቱ ታደለን ከተትኩት። ቁጭ ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ። ዋኘ። ጉሮሮውን ነፋ። ዝንብ ስታልፍ ዘለለ። ደህና ነው። ገንዳው ደህና ነው። ሃይላንዱ ነው እንጂ።

ያኔ ፀሐይ ወጣችና የሲሚንቶው መንገድ ላይ ዓይኔ አረፈ። መንገዱ በጭቃና በሻጋታ ጠቁሯል። በላዩ ላይ ግን ነጫጭ ነጠብጣብ አለ፣ እንደ ሳንቲም ክብ ክብ፣ ንጹሕ። አሲዱ የነካው ቦታ ነው! ክዳኑን በስቼው አልነበር? ሃይላንዱ ዘንበል ባለ ቁጥር እየተንጠባጠበ ሄዷል። ተከተልኩት። አንዱ ጋ ጠፋኝ፣ ሌላው ጋ አገኘሁት። መጨረሻው ነጠብጣብ የእማሆይ ወለተ ሚካኤል ደጃፍ ላይ ነው።

በሩን መታሁ።

«እማሆይ! እማሆይ አሉ?»

«የት ልሄድ?» አሉ ከውስጥ።

ሃይላንዱ ከሥዕለ ማርያሙ ሥር ቆሟል፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። እማሆይ መቁጠሪያቸውን ይዘው አጠገቡ ተቀምጠዋል። ጥቂት ነው የጎደለው። አልነኩትም።

«ከየት አገኙት?»

«ከገንዳው አፍ ነዋ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቹ ሐሙስ ሐሙስ ቀድተው እዚያ ያስቀምጡልኛል፣ እግሬ ምንጭ አይወርድ። ዛሬ ገሃድ ነው፣ ጾም ነኝ። ማታ ታቦት ካየሁ በኋላ በሱ ነው የምገድፈው። ልጄ፣ የዘንድሮውስ ልዩ ነው። ኃይለኛ ጠበል። ገና ሳልከፍተው አስነጠሰኝ። ዓይኔን አስለቀሰኝ። የያዝሁበት እጄ እንኳ እሳት እሳት ይለኛል።»

«እማሆይ፣ ጠበል አይደለም። አሲድ ነው።»

ፈገግ አሉ። «ትናንት በሞንታርቦ ሰማሁህ። ደህና ሣቅሁ።»

«ግዝት ላይ ነኝ!»

«ግዝት የሚይዘው የሚፈራን ነው። ለስላሳ ከጨመርክበት ወዲህ ላንተ እጅ ጠበል አልሰጥም ብያለሁ።»

ልነጥቃቸው አሰብኩ። ግን ክዳኑ ቀዳዳ ነው፣ ገና ሳወራ ስበው ጭናቸው ላይ አስጠግተውታል። ብጎትተው ፊታቸው ላይ ይረጫል። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ፣ ወደፊትም ወደኋላም የለ።

እማሆይ ሃይላንዱን በሁለት እጅ አንሥተው ወደ እኔ ዘረጉት። «እንግዲያው ቅመሰው። ኮሶ ለውርርድ የጠጣህ ልጅ። እውነት ጠበል ከሆነ ትባረካለህ፣ ቀልድህም ከሆነ ቀልድህን ትጨርሳለህ።»

ከዚህ በፊት የተባልኩትን ሳልጠጣ ቀርቼ አላውቅም። ሰው ሲያይ ይቅርና ብቻዬንም ብሆን።

«አልጠጣም» አልኩ።

«ትንሽ።»

«አልጠጣም እማሆይ። በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ እርስዎም አይጠጡ።» ደጃፉ ላይ ተንበረከክኩ።

ከዚያ ቀስ ብለው ነጠላቸውን አዩ። ጫፉ ላይ ቀዳዳ አለ፣ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ፣ ዳር ዳሩ ቢጫ። «አይጥ ነው ብዬ ነበር» አሉ። ለራሳቸው ነው የተናገሩት። ሃይላንዱን መሬት ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ሰበሰቡ።

ጓንቴን አጥልቄ አወጣሁት። መጀመሪያ እጃቸውን፣ እንስራ ሙሉ ውሃ እስኪያልቅ አፈሰስኩበት። ቀልቷል፣ አልተላጠም። ከዚያ ደጃፍ ላይ ትልቅ ባልዲ ውሃ፣ አሲዱን ቀስ ቀስ አድርጌ ወደ ውሃው። እሳቸው ራሳቸው የሰጡኝን አመድ በላዩ በተንኩ። ሲፈላና አረፋ ሲደፍቅ አማተቡ። መፍላቱን እስኪተው አብረውኝ ቆሙ።

ታደለ ደረሰብን። ባልዲውን አየ፣ የእማሆይን እጅ አየ። «የትናንቱ ተራ የኔ ነበር» አለ። «ጠበላቸውን ሳልቀዳ ረሳሁት።» መሬት ላይ ቁጭ አለ። ትናንት ባምንህ ኖሮ አላለም። ጓንቱን ወርውሬለት ሃይላንዱን በመጥረቢያ ሰነጣጥቀን ቀበርነው።

አባ ነገሩን ሲሰሙ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ቆዩ። «ሞንታርቦው ላይ የተናገርኸው እውነት ነበር?» አሉ። አዎ አባ። «እኔም መቅደስ ውስጥ ሆኜ ሰምቼህ ነበር» አሉ።

ከሰዓት ታቦት ወረደ። ገበያውም በጊዜ ተፈታ። ሰው ሁሉ ሰማያዊ ገንዳ እያየ ተደነቀ። ማንም ማን እንዳጠበው አልጠየቀም። ጀሪካኑ ውስጥ የቀረውን አሲድ ዕቃ ቤት ቆልፈንበታል። ታደለ በቀይ ቀለም «አይጠጣም» ብሎ ጻፈበት። ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ለኔ እንዳይሰጥ የለመንኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 11፣ ጥምቀት

አባ ውሃውን ባረኩ። ሕዝቡ ሲረጭ፣ ሲጠጣ፣ ለሕፃናት ሲያቀምስ እኔ ዳር ቆሜ አፍ አፋቸውን ሳይ ነበር። ያሳለ ሁሉ አስደነገጠኝ። አንድ ሽማግሌ አስነጠሱ፣ ልሮጥ ነበር፣ ጉንፋን ነው አሉኝ። እንቁራሪቱ ታደለ ጠዋት ከባልዲው ጠፍቷል፣ የት እንደሄደ ገመትኩ፣ አልተናገርኩም። እንደሚመስለኝ ከሁላችን በፊት የተጠመቀው እሱ ነው።

ሲያበቃ አባ ጠሩኝ። መስቀላቸውን አሳልመው «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ። ተፈታሁ። ሰው ከበበኝ። ያ ጎረምሳ፣ ጎንጨት አድርጎ የሞተው፣ «በል እንግዲህ፣ አንድ ቀልድ» አለ። አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ስድስት ቀን ያጠራቀምኩት ሁሉ እዚህ ደብተር ውስጥ ነው የቀረው። «ሰላም ዋሉ» ብዬ ሄድኩ። በዚህም ሳቁ።

እማሆይ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ከፊታቸው አዲስ ጠበል የሞላ ሃይላንድ። እጃቸውን ቅቤ ቀብተው በጨርቅ ጠቅልለዋል። «ና ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ሃይላንዱን አነሡ፣ አማተቡ፣ ጠጡ። ከዚያ ዓይናቸው ፈጠጠ። ጉሮሯቸውን ያዙ። ወደ ጎን ዘመም አሉ፣ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው ወደቀ።

ጩኸቴን ሜዳው ሙሉ ሰማ። አንሥቼ አቀፍኳቸው፣ ውሃ እላለሁ፣ ታደለ እላለሁ፣ አባ እላለሁ፣ እያለቀስኩ። ሰው ሮጠ። በዚህ ጊዜ ሁሉም ሮጠ፣ አንድም የሳቀ የለም።

እማሆይ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«የተገዘትኸው አንተ ነህ» አሉ። «እኔን ማን ገዘተኝ?»

ይኸው ቤቴ ገብቻለሁ። እማሆይ ግን ጥርስ በሌለው አፋቸው ሲስቁ እዚህ ድረስ የሚሰማኝ ይመስለኛል። ለየሻረግ ነገ ባሕር ዛፎቹ ጋ ወጥቼ እደውላለሁ። ያቺ አንዷ ልጅ ምን ሆነች ብዬ እጠይቃታለሁ።